የቀኙ ፓራፋንጎ ላስቲክ

መኪናውን ላስቲክ ያለበስነው ሁለታችን ነን። አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራው ሥራ አይደለም። አንዱ የላስቲኩን ጫፍ ወጥሮ ይይዛል፣ ሌላው ከወዲያኛው ጫፍ ጀምሮ ቀስ እያለ ቆርቆሮው ላይ ያሳርፈዋል። የያዘው ሰው እጁ ከዛለ ላስቲኩ ይጠቀለልና እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ከዚያ ወዲያ መጣል ነው። ባለቤቴ ያሳርፋል፣ እኔ እይዛለሁ።

«አትተንፍሺ» ይለኝ ነበር።

«ታዲያ ልሙትልህ?»

ሥራው የውሃ ፓምፕ መጠገን ነበር። ጅጅጋ ውስጥ ትንሽ የመለዋወጫ ሱቅ ነበረችው፤ ግን ከሳምንቱ ግማሹን የሚውለው መንገድ ላይ ነው። ቀብሪበያ፣ ደገሀቡር፣ በመሀል ያሉት መንደሮች፣ ጉድጓድ ያለበት ሁሉ። ጥቁር ሰማያዊዋን ፒካፕ በጅቡቲ ድንበር፣ በደወሌ በኩል ያስገባት ሰው ሁሉ አፉን በጭምብል በሸፈነበት ዓመት ነው። የጉምሩኩን ጣጣ እስኪጨርስ ብዙ ቀን እዚያ ተቀመጠ። መኪናዋ አዲስ አልነበረችም፤ ቀለሟ ግን ከፋብሪካ እንደወጣች ነበር፣ ፊት ያሳያል።

ሁለት ወር አልቆየም። ከፊት የሚሄድ ገልባጭ ጠጠር ያፈናጥራል፤ ጠጠሩ ኮፈኑ ላይ ነጭ ነጥብ ይተዋል፤ ነጥቧ በዝናብ ትዝጋለች፣ ዝገቷ ትሰፋለች። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት በጣቱ እየዳሰሰ አዲስ የተመታ ቦታ ይፈልጋል። ሲያገኝ ሕመም እንደነካው ሰው ጥርሱን ይነክሳል። ደወሌ ሳለ አንድ ሰው የመኪና ፊት በቀጭን ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ ሲሸፍን አይቶ ነበር፤ በሌላ ጉዞ አንድ ጥቅል ይዞ መጣ። ጠጠሩ ላስቲኩን ይመታል እንጂ ቀለሙን አያገኘውም።

ግቢያችን ውስጥ በሳሙና ውሃ እያራስን፣ በጎማ መፋቂያ ውሃውን እየገፋን፣ የኮፈኑን ጠርዝ በእኔ የፀጉር ማድረቂያ እያሞቅን አለበስናት። ጎረቤቴ፣ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ የሶማሌ ሴት ናት፣ ከእኔ ጋር ሃያ ዓመት ያህል በአንድ አጥር የኖርን፣ መጥታ ዙሪያውን ዞረች።

«አባዮ፣ ላስቲኩ የታለ?» አለች። አባዮ እህቴ እንደማለት ነው።

«አለበስነው እኮ።»

«አይታይም።»

«እንዳይታይ ነው» አላት ባለቤቴ።

«የሶፋችሁን ላስቲክ ሳትገፍፉ ደግሞ የማይታይ ላስቲክ ገዛችሁ!»

ባለቤቴ የሞተው በድንገት ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ። ስለዚያ ጠዋት ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ሽማግሌው የመጡት ከሰማንያው ተዝካር በኋላ ነው። በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ጢማቸውን በሂና ያቀሉ፣ ረጅም፣ በትር የያዙ የባላገር ሰው ቆመዋል። ጫማቸው አቧራ ለብሷል። በሶማልኛ ሰላም ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ በአማርኛ ጀመሩ።

«የፓምፑ ሰው ቤት?»

«አዎ አባቴ። ግን እሱ ዐርፏል።»

«ሰማሁ። ቀብሪበያ ሰማሁ። ለዚያ መጣሁ።»

«ይግቡ፣ አረፍ ይበሉ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። መጀመሪያ የያዙትን ነገር መናገር የፈለጉ ይመስላሉ። ቃል በቃል እየመረጡ፣ በትራቸውን መሬት ላይ እያሳረፉ ተናገሩ።

«ባልሽ ልጅ ገጨ።»

«ምን አሉኝ?»

«በመኪናው። ትንሽ ልጅ። መንገድ ላይ። እናቱ ብዙ ጮኸ። ሦስት ቀን ምግብ እምቢ አለ።»

«መቼ?»

«ከመሞቱ በፊት። ስምንት ወር በፊት።»

«ልጁስ?»

«ልጁ እዚያው ሞተ» አሉ። ከዚያ ደረታቸው ላይ እጃቸውን አድርገው፣ «እኔ አሁን የመጣሁት…» ሲሉ በሩን ዘጋሁት።

በሕይወቴ ሽማግሌ ላይ በር ዘግቼ አላውቅም። እጄ ነው የዘጋው። በብረቱ ስንጥቅ አያለሁ፤ ሽማግሌው አልተቆጡም። ግራ ገብቷቸው ቆሙ። አንድ ጊዜ በሩን ለማንኳኳት በትራቸውን አነሡና መልሰው አወረዱት። ቀስ ብለው ወደ አስፋልቱ ወረዱ። እኔ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ተሳስተዋል ብዬ ነው። ሰማያዊ ፒካፕ የያዘ እሱ ብቻ አይደለም። ይህን እያሰብኩ ግቢው ውስጥ ወደ ቆመችው መኪና ሄድኩ። ከሞተ ወዲህ ሸራ አልብሰናት ነበር። ሸራውን ገፈፍኩት።

የጅጅጋ ፀሐይ ላስቲክ አይወድም። ኮፈኑ ላይ ያለው ላስቲክ ወደ ቢጫ አድልቷል፤ ጠጠር የመታው ቦታ ሁሉ በመርፌ የተወጋ ይመስላል። የግራው ፓራፋንጎ፣ ከፊት ጎማው በላይ ያለው ቆርቆሮ ማለቴ ነው፣ እሱም እንደዚያው ነው። የቀኙ ግን ጥርት ያለ ነው። ጠርዙ ላይ አቧራ እንኳ አልያዘም። ዕድሜው የሌላው ግማሽ አይሆንም።

ያኔ ትዝ አለኝ። አንድ ቀን ከደገሀቡር መንገድ በቀጠሮው ሳይመጣ በማግስቱ ገባ። ስልኩም አልሠራም ነበር። ስጨቀጭቀው ደክሞኛል ብሎ ተኛ። የላስቲኩን አዲስነት ያየሁት በሦስተኛው ቀን ነው።

«ይህን ደግሞ ምን አገኘው?»

«ጠጠር ቀደደው። አስቀየርኩት።»

«ያለ እኔ? ማን ያዘልህ?»

«አንድ ሰው ያዘልኝ» አለ፣ ዓይኑን ከምሳው ላይ ሳያነሣ።

ተቀይሜው ነበር። ላስቲክ ከሌላ ሰው ጋር መዘርጋቱ እንደ ክህደት ታይቶኝ፣ ሁለት ቀን ያህል ፊት ነሣሁት። ሲሚንቶው ላይ ተቀምጬ ያን ቅያሜ ሳስበው እንደ ሕፃን ጨዋታ ሆነብኝ። ጠጠር አንድ ቦታ ይበሳል እንጂ አንድ ሙሉ ፓራፋንጎ አያስቀይርም። ይህን እሱ ራሱ ነው ያስተማረኝ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሁለት ሳምንታት እንዴት እንዳለፉ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ካህኑ የክርስትና ስሙን ጠርተው ነፍሱን ይማር ሲሉ አሜን ማለት ያቅተኛል። የማላውቃት እናት ትታየኛለች፣ ሦስት ቀን እህል አልቀምስ ያለች። እኔ ስለ ባሌ ስጮህ ሰፈሩ ሁሉ ግቢዬ ሞልቶ ነበር፤ እሷ ስትጮህ ባሌ ጋራዥ ሄዶ ቀለም እያስቀባ ነበር ማለት ነው። ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት ትኩር ብላ ካየችኝ እሷ ትሆን እላለሁ። የሚያሳዝነው ደግሞ የማውቀው ሰው ይህን የሚያደርግ አልነበረም። ሱቁ ደጃፍ ድመት ብትሞት ቀብሮ ነው ቁርሱን የሚበላው። ወይ ሽማግሌው ዋሽተዋል፣ ወይ ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ሁለት የቀረው ትዳሬ ውስጥ የማላውቀው ሰው ነበር።

ማወቂያ አንድ መንገድ እንዳለ አውቅ ነበር። ባለቤቴ ላስቲኩን ስንዘረጋ ነግሮኛል፤ የፋብሪካ ቀለም ላይ ከሆነ ላስቲኩ ሞቅ ተደርጎ ሲነሣ ብቻውን ይላቀቃል፤ ጋራዥ የተቀባ ቀለም ላይ ከሆነ ግን ቀለሙን ይዞ ሊነሣ ይችላል። የቀኙ ቀለም የፋብሪካ ከሆነ ባሌ ምንም አልገጨም።

መኪናዋን አስነሥቼ እሱ ያሠራት ወደነበረበት ጋራዥ ወሰድኳት። ቀለም ቀቢው የረጅም ጊዜ ወዳጃችን ነው፤ ለቅሶው ላይ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ አድሯል። ሲያየኝ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«እትዬ፣ ምነው ብቅ አልሽ? መኪናዋ አስቸገረች?»

«ላስቲክ አንሣልኝ።»

«እሺ፣ ጊዜውም ነው። ኮፈኑ ቢጫ ሆኗል።»

«የኮፈኑን አይደለም። የቀኙን።»

ጨርቁን ማጠፍ ጀመረ። አጠፈው፣ ፈታው፣ እንደገና አጠፈው።

«የቀኙ እኮ ገና ነው። ምን በደለሽ?»

«ለምን ገና ሆነ?»

«መቼስ ጠጠር ይሆናላ።»

«የያዝክለት አንተ ነህ?»

«እትዬ፣ በማርያም፣ ሙት ወቃሽ አትሁኚ።»

«አልወቀስኩም። አንሣ ነው ያልኩህ።»

«ቀለሙን ይዞ ቢነሣስ?»

«የፋብሪካ ቀለም ከሆነ ይዞ አይነሣም» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። የማውቀውን እንደማውቅ ያን ጊዜ ገባው።

መጀመሪያ የኮፈኑን አንድ ጥግ እንሞክር አለ። ጊዜ ለመግዛት መሰለኝ። በሙቀት መንፊያው አሞቀና በጥፍሩ ጫፉን አነሣ፤ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ራሱ፣ ቆርቆሮውን እየታከከ ቀስ አድርጎ ሳበው። ላስቲኩ ለስላሳ ድምፅ እያሰማ መጣ። ከሥሩ ያ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም፣ እንደ ደወሌ ዘመኑ፣ ፊቴን አሳየኝ። አንዲት ነጥብ የለችበትም።

«አየሽ?» አለ። «አንድ ጭረት የለው። ሥራችሁ ጎበዝ ነበር።»

«አሁን የቀኙን።»

አሞቀው። ጫፉን አነሣው። የመጀመሪያዋ ስንዝር ንጹሕ መጣች፤ ትንፋሼን ይዤ ስለነበር ደረቴ ተከፈተ። ቀጥሎ ስስ የመቀደድ ድምፅ ሰማሁ። ላስቲኩ ላይ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ሰማያዊ ቀለም ተጣብቆ መጣ። ከሥሩ የተጎዳ ቆርቆሮ የሚሞላበት ግራጫ ስቱኮ ታየ። በሳበው መጠን ስቱኮው ሰፋ፤ ከመብራቱ ጠርዝ ጀምሮ እስከ ጎማው አናት፣ የሁለት መዳፍ ስፋት። ቀቢው እጁን አቆመ።

«ጨርሰው» አልኩት።

ጨረሰው። ቀለም የተለጠፈበትን ላስቲክ ተቀብዬ ያዝኩት።

«ምን ገጭቶ ነው?»

«አልነገረኝም። ፊቱ ልክ ስላልነበረ አልጠየቅኩትም።»

«ያየኸውን ንገረኝ።»

«ቆርቆሮው ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። መብራቱ ተሰብሯል። አጥቦ ነው ያመጣው።»

«ሌላስ?»

«እትዬ…»

«ሌላ ምን ነበር?»

«የመብራቱ ክፈፍ ውስጥ ትንሽ ፀጉር ነበር። ለስላሳ ነገር። ቡናማ።»

ወንበር ያመጣልኝ እሱ ነው። ውሃም ያመጣ መሰለኝ። ላስቲኩን ከእጄ ለመውሰድ ሞክሮ እንዳቃተው በኋላ ነግሮኛል።

ማንም አልጠየቀኝም። ሽማግሌውም አልተመለሱም። ፓራፋንጎውን አስቀብቼ፣ አዲስ ላስቲክ አስለብሼ መኖር እችል ነበር፤ ባለቤቴ ያደረገው እሱን አይደል? ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደግሞ ያቺ እናት ትታየኛለች። ጎረቤቴ ጋ ሄድኩ።

«ባሌ የሰው ልጅ ገድሎ ነው የሞተው» አልኳት። ሌላ አነጋገር አልመጣልኝም።

የምትለካውን ጨርቅ አስቀመጠች። «ማን አለ?»

«የልጁ ቤተሰብ። ሽማግሌ መጥተው ነበር። ቀብሪበያ አካባቢ ነው።»

«ውሸት።»

«ፓራፋንጎውን አስላጥኩት። አይቼዋለሁ።»

«አባዮ፣ ስሚኝ። የአክስቶቼ ግማሽ ቀብሪበያ ናቸው። የሰው ልጅ በመኪና ሞቶ ሽማግሌ አንድ ብቻ ይመጣል? አርባ ሰው ነው በርሽ ላይ የሚቆመው! እኔስ ሳልሰማ?»

«እንግዲህ አልሰማሽም።»

ጨርቁን አጠፈችና፣ «ብቻሽን አትሄጂም» አለች።

በማግስቱ ማለዳ ወጣን። መኪናዋን የነዳሁት እኔ ነኝ። ስቱኮው እንደተገለጠ ነው፤ የሚያየው ሁሉ ቁስል ይመስለዋል። ከከተማው ስንወጣ ገልባጮች ከፊታችን ገቡ። ጠጠሩ ከጎማቸው እየተፈናጠረ የተላጠውን ቆርቆሮ ሲመታው ይሰማኛል፣ ቀጭ ይላል። ጎረቤቴ ኬላው ጋ እስክንደርስ ስለ ጨርቅ ታወራ ነበር። ፈታሹ ወጣት ሊብሬውን አይቶ መለሰልኝና ወደ ቀኝ ዞረ። ጎንበስ ብሎ ስቱኮውን በጣቱ ነካው።

«እናቴ፣ ምን ገጭተሽ ነው?»

«ላስቲክ ሲነሣ ነው» አልኩ። እውነትም ነው።

«ምን ላስቲክ?»

«የማይታይ ላስቲክ» አለች ጎረቤቴ በሶማልኛ። «ሀብታም ናቸው፣ ተዋቸው።» ሳቀና ገመዱን አወረደልን።

ቀብሪበያ ስንደርስ ሂና ጢም ያላቸውን ሽማግሌ ስናጠያይቅ ነገሩ ቀላል ሆነ። ሰዎቹ መኪናዋን ያውቋታል። «የፓምፑ ሰው መኪና!» እያሉ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከመንገዱ ዳር ወደ ነበረ የእሾህ አጥር አመላከቱን። ልጆች ከኋላችን ሮጡ። እያንዳንዱን ልጅ አየሁት። የሞተው ስንተኛቸው ይሆን፣ ከማን ጎን ይሮጥ ነበር እያልኩ።

ከመኪናው ወረድኩ። እኛ ዘንድ ደም ያለበት ሰው ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ ተሸክሞ ነው፤ አያቶቻችን ወታደር ሆነው ወደዚህ ሲመጡ ከሀገራቸው ይዘውት የመጡት ልማድ ነው። አይቼው አላውቅም፣ ሲወራ ነው የሰማሁት። ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ አነሣሁና ማጅራቴ ላይ አደረግኩት። በሁለት እጄ ደግፌ፣ አጎንብሼ ወደ አጥሩ ሄድኩ።

ሽማግሌው ወጥተው ቆሙ። እግራቸው ሥር ወደቅኩ።

«አባቴ፣ ስለ ልጁ ይቅር በሉን» አልኩ። «በር ስለዘጋሁብዎትም ይቅር ይበሉኝ።»

በሶማልኛ ጎረቤቴን ሲጠይቋት ሰማሁ፤ «ድንጋዩን ለምን ተሸከመችው?»

«አዴር፣ ስለ ሞተው ልጅ ነው» አለቻቸው እሷም በሶማልኛ። አዴር ለአባት ወንድም፣ ለሽማግሌም የሚባል ነው። «የልጁን እናት ለማየት ነው የመጣችው።»

«የትኛው ልጅ?»

«ባሏ የገጨው።»

«ባሏ ልጅ ገጨ?» አሉ ሽማግሌው ደንግጠው። «መቼ?»

«እርስዎ ነዎት የነገሯት!»

ሽማግሌው በሶማልኛ «ኒሪግ!» ብለው ጮኹ። «ኒሪግ! ኒሪግ ነው ያልኩት!»

ቃሉን አውቀዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ወተት የሚያመጡልን ሴቶች አፍ ላይ ሰምቼዋለሁ። ኒሪግ የግመል ግልገል ነው። በሶማልኛ ነግረውኝ ቢሆን በራፌ ላይ እዚያው ይገባኝ ነበር። ለእኔ አክብሮት ብለው፣ ባሌ በሚያናግራቸው አማርኛ ተናገሩ። አማርኛቸው ግልገል እስከሚለው ቃል አልደረሰም።

ጎረቤቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። ስታለቅስ መሰለኝ፤ እየሳቀች ነው። «የግመል ልጅ!» ትላለች። «አባዮ፣ ድንጋዩን አውርጂው! ለግመል ነው የተሸከምሽው!»

«የግመል ልጅ ልጅ አይደለም?» አሉ ሽማግሌው በአማርኛ፣ ቅር ብሏቸው። «እናትም አለው። ኑ፣ ላሳያችሁ።»

ድንጋዩን እንዴት እንዳወረድኩት አላስታውስም። መሬቱን መሳሜን አስታውሳለሁ። ልጅ አልገደለም። ባሌ ልጅ አልገደለም። እናቲቱን ግመል አሳዩኝ፤ የእሾህ ቅጠል እያኘከች ከላይ ወደ ታች አየችኝ፣ እኔም እየሳቅኩም እያለቀስኩም አየኋት።

ከዚያ ሽማግሌው በሶማልኛ፣ የእኔ የገበያ ሶማልኛ ረጅም ወሬ ስለማይከተል ጎረቤቴ እየተረጎመችልኝ፣ የሆነውን ነገሩኝ።

ግልገሏ ከእናቷ ተለይታ አስፋልቱን ስታቋርጥ ነው የተመታችው። ባሌ አላመለጠም። ከመኪናው ወረደና ጎማው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሊያናግሩት ቢሞክሩ አልመለሰም። የግራ እጁ ተንጠልጥሏል፣ ከንፈሩ ወደ አንድ ጎን ተስቧል። ቃል ያወጣው ጥላው ዞሮ ፀሐይ ሲያገኘው ነው።

«ለግመል እንዲህ የሚያዝን አማራ አላየሁም ብዬ ነበር» አሉ። «በኋላ ገባኝ። ወንድሜንም በሽታው እንዲህ ነው የጀመረው። ባልሽ መንገዱ ጠፍቶብኝ ነው የገጨኋት አለኝ። ዓይኔ ፊት ጨለመ አለኝ።»

ያን ሌሊት እዚያው አሳደሩት። ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ መከሩት፤ እሺ አለ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሶ መጥቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው የመንደሩን ፓምፕ ጠገነ። በሁለተኛው ጊዜ እግሩን ይጎትት ነበር። ሐኪም አየህ ወይ ብለው ጠየቁት። ሥራ ሲቀልልኝ አላቸው። ሚስትህ ታውቃለች ወይ አሉት።

ጎረቤቴ እዚህ ጋ መተርጎም አቆመች።

«ምን አለ?» አልኳት።

«ተዪው።»

«ምን አለ?»

«አታውቅም፣ እንዳትነግሯት። ካወቀች መንገድ ትከለክለኛለች አለ።»

እሱ የሞተ ዕለት የሆስፒታሉ ሐኪም ኮሪደር ላይ አቁሞ ጠይቆኝ ነበር። ከዚህ በፊት የእጅ መዛል፣ የአፍ መጣመም፣ ራስ መሳት ታይቶበት ያውቃል ወይ አለኝ። ኧረ በፍጹም አልኩት። ደጋግሞ ሲጠይቀኝ፣ እኔ ሳላውቅ አንድ ነገር አይሆንም ብዬ ተቆጣሁት። ሐኪሙ፣ የስትሮክ ምልክቱ ቀደም ብሎ ቢታወቅ ኖሮ በመድኃኒት ይያዝ ነበር አለኝ፤ አልታወቀማ አልኩት። ስምንት ወር ሙሉ እኚህ ሰው ያውቁ ነበር። ቀቢውም ፊቱ ልክ እንዳልነበረ ያውቅ ነበር። እኔ አዲሱ ላስቲክ ላይ ተቀይሜ ፊት ስነሣው ነበር።

ሽማግሌው ተነሡ። ከጎረቤት ሁለት ሰዎች አስጠርተው አጠገባቸው አቆሙ። በራፌ ላይ ጀምረው ያላስጨረስኳቸው ነገር ይህ ነበር። እነሱ ዘንድ ሰው ሲሞት ያለበትን ዕዳ ባለመብቱ በምስክር ፊት፣ ለወራሾቹ በአፉ ካልተወለት ሟቹ እንደ ታሰረ ይቆጠራል። በአማርኛ ሊነግሩኝ ፈለጉ፤ አሁንም ቃል በቃል እየመረጡ።

«ስለ ግመሉ፣ ስለ ሁሉም፣ አፉ ብያለሁ። አላህ ፊት አልጠይቀውም።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባቴ።»

ምስክሮቹ አሜን አሉ። ሽማግሌው ግን አልጨረሱም ነበር። ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«አንቺስ?»

አልገባኝም። በሶማልኛ ለጎረቤቴ ነገሯት።

«አንቺም ዕዳ አለብሽ፣ ሳይነግርሽ ሞተ ይላሉ» አለች። «እኔ የእኔን ተውኩለት፣ አንቺስ ትተዪለታለሽ ወይ ይላሉ። ምስክሮቹ እዚሁ እያሉ።»

ሁሉም ያዩኛል። አንድ ቃል ናት፣ አፉ፤ ይቅር ማለት። ለማንም ሰው ብያታለሁ፤ በዓመት በዓል፣ በጾም መያዣ፣ ላስቀየመኝም ላላስቀየመኝም። አፌን ከፈትኩ። እነዚያ ስምንት ወራት አንድ በአንድ መጡብኝ፤ አብረን የበላናቸው ምሳዎች፣ በግራ እጁ ብርጭቆ ሲያነሣ ሲጠነቀቅ አይቼ ያላየሁት ነገር፣ ለባዕድ ሰው ሊናገረው የቻለውን ለእኔ መናገር ያቃተው።

«ገና ነኝ በያቸው» አልኳት።

«አባዮ፣ ይህን አልልም። በምስክር ፊት?»

«በያቸው።»

አለቻቸው። ቆጣ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ሽማግሌው ምስክሮቹን አመስግነው አሰናበቱ። ከጎጆው ምንጣፍ አስወጡና ጥላው ውስጥ አስነጠፉ።

«ገና ከሆነ ቁጭ በዪ» አሉኝ በአማርኛ።

ተቀመጥኩ። እሳቸውም ትንሽ ራቅ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ አልጠየቁኝም። ፀሐዩ እስኪበርድ እዚያው ነበርን፤ ያን ቀንም፣ ከዚያ ወዲህም ቃሏን አላልኳትም።